ከግራም ወደ ሞል፦ የኦ.አር.ኤስ ቅመም ኬሚስትሪ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ ሙሙት፣ ክምችት፣ ሞልና ስቶይኪዮሜትሪ የተባሉትን የኬሚስትሪ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ይመረምራል፤ ምሳሌውም ለተቅማጥ ሕክምና የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ ነው። የመጣጥፉ መከራከሪያ፣ የቅመሙ አመጣጠን በግራም ሲነበብ ምክንያቱ እንደማይገለጥ፣ በሞል ሲሰላ ግን የእያንዳንዱ ውህድ ድርሻ ግልጽ እንደሚሆን ነው።

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሠራበት የመከሩት የኦ.አር.ኤስ ቅመም ለ1 ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ (የገበታ ጨው)፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ዳይሃይድሬት ይዟል። ድምሩ 20.5 ግራም ነው። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው ግሉኮሱ ከጨው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚመዝን ይረዳል። ለምን ይህን ያህል እንደሆነ ግን ሚዛን አይነግረውም።

ከክብደት ወደ ቁጥር

ውህዶች እርስ በርስ የሚገናኙት በቅንጣት ቁጥር ነው። ቅንጣቶችን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል ኬሚስቶች ሞልን መለኪያ አደረጉ፤ 1 ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ይይዛል። የ1 ሞል ክብደት ከውህድ ውህድ ይለያያል፦ ሶዲየም ክሎራይድ 58.44 ግራም፣ ግሉኮስ 180.16 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 74.55 ግራም፣ ሲትሬቱ በውስጡ ካለው ውሃ ጋር 294.1 ግራም ይመዝናል።

ስሌቱ ቀላል ማካፈል ነው። 2.6 ግራም ጨው 44.5 ሚሊሞል ሶዲየም ይሰጣል። 2.9 ግራም ሲትሬት 9.9 ሚሊሞል ያህል ነው፤ እያንዳንዱ የሲትሬት ክፍል ሦስት የሶዲየም አዮኖች ስለሚይዝ 29.6 ሚሊሞል ሶዲየም ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ 74 ይሆናሉ፤ በይፋ የሚጠቀሰው የተጠጋጋ ቁጥር 75 ነው። 13.5 ግራም ግሉኮስም 75 ሚሊሞል ነው። በሚዛን አምስት እጥፍ የተራራቁት ጨውና ግሉኮስ፣ በሞል ሲሰሉ የሶዲየሙና የግሉኮሱ ቁጥር እኩል ለእኩል ሆኖ ተገኘ።

የእኩልነቱ ምክንያት አንጀት ውስጥ ነው። ባዮኬሚስቱ ሮበርት ክሬን በ1960 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ባቀረበው ሐሳብ፣ ግሉኮስ የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፈው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው። በኋላ እንደተረጋገጠው፣ አጓጓዡ ፕሮቲን በአንድ ዙር ሁለት የሶዲየም አዮኖችንና አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ያሻግራል፤ ውሃውም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአፉ በሚጠጣው ፈሳሽ የሚያገግመው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አጓጓዡ 2 ለ1 የሚሠራ ከሆነ፣ 1 ለ1 በሆነው ቅመም ውስጥ ሶዲየሙ ቀድሞ አያልቅም ወይ? በቤከር ውስጥ ቢሆን መልሱ አዎ ነው፤ ሶዲየም ለውጡን የሚገድበው ጎዶሎ ወገን ይሆን ነበር። አንጀት ግን ዝግ ዕቃ አይደለም፤ ከሰውነት የሚመነጭ ሶዲየም ያለማቋረጥ ይገባበታል። የስቶይኪዮሜትሪ ስሌት የሚያስተማምነው ምን እንደገባና ምን እንደወጣ በሚታወቅበት ሥርዓት ብቻ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

የክምችት ጉዳይ

ውሃው አሟሚ፣ ዱቄቱ ሟሚ፣ ውጤቱም ሙሙት ነው። የቅመሙን ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ ስንበጠብጠው በሙሙቱ ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም፣ 65 ክሎራይድ፣ 75 ግሉኮስ፣ 20 ፖታሲየምና 10 ሲትሬት ይኖራል። ድምሩ 245 ሲሆን የሙሙቱን ኦስሞላሪቲ ያመለክታል።

አንዲት እናት ያንኑ ፓኬት በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ብትበጠብጠው የሟሚው ሞል አይለወጥም፤ ክምችቱ ግን እጥፍ ሆኖ ሶዲየሙ 150፣ ድምሩ 490 ይደርሳል። የደም ኦስሞላሪቲ 290 ገደማ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሙሙት ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡንም ያባብሳል። በ2 ሊትር ከተበጠበጠ ደግሞ ሶዲየሙ ወደ 37.5 ወርዶ የጠፋውን ጨው መተካት ያቅተዋል።

ከ2002 በፊት ይሠራበት የነበረው ቅመም ኦስሞላሪቲው 311 ነበር፤ ሶዲየሙ 90፣ ግሉኮሱ 111 ሚሊሞል። ክምችቱ ወደ 245 ሲወርድ በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሰገራው መጠን በ20 በመቶ፣ ማስመለሱ በ30 በመቶ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠት አስፈላጊነት በ33 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል።

ከባይካርቦኔት ወደ ሲትሬት

የመጀመሪያው ቅመም በሲትሬት ፈንታ 2.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ነበረው። ተቅማጥ ከሰውነት ባይካርቦኔትን ስለሚያጥብ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ባይካርቦኔቱ የታከለውም ይህን ለማስተካከል ነው። ይሁን እንጂ ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከግሉኮሱ ጋር ሳይስማማ ቀረ፤ ፓኬቱ ሳይከፈት ዱቄቱ ይጠቁርና ይበላሽ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. በሲትሬት እንዲተካ የተመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

መተካቱ የጥሩ ስሌት ምሳሌ ነው። 2.5 ግራም ባይካርቦኔት 30 ሚሊሞል ሲሆን ሲትሬቱ 10 ብቻ ነው። ሰውነት ሲትሬትን ሲያቃጥል 2 ሞል ሲትሬት ከ9 ሞል ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ 6 ሞል ባይካርቦኔት፣ 6 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 2 ሞል ውሃ ይሰጣል። ግራና ቀኙ ሲቆጠር 12 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 32 ኦክስጅን በሁለቱም ወገን ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሲትሬት ሦስት ባይካርቦኔት ያስገኛል፤ 10 ሚሊሞል የ30ውን ሥራ ይሠራል። ሶዲየሙም አልተዛነፈም፤ ቀድሞ 30 ነበር፣ አሁንም 30 ነው።

ማጠቃለያ

በዚህ ቅመም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ዐበይት ጽንሰ ሐሳቦች ተሟልተው ይገኛሉ፦ ሞላዊ ክብደት፣ የሞል ጥምርታ፣ ለውጥን የሚገድበው ወገን፣ ክምችትና የተመጣጠነ ቀመር። ዋጋው ርካሽ ስለሆነና በየጤና ጣቢያው ስለሚገኝ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ሊጠቀምበት ይችላል። የኬሚስትሪ መምህራንና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የሞልን ትምህርት ከዚህ ፓኬት ቢጀምሩ፣ ተማሪው ስሌቱን ሲይዝ ፓኬቱ በ1 ሊትር ውሃ ብቻ የሚበጠበጥበትን ምክንያትም አብሮ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።