የባለቀለም መስታወት ሙዚየም (ኢሊ)

በእንግሊዝ አገር በኢሊ ካቴድራል ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ሙዚየም። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ከሚዘጉና ከሚፈርሱ አብያተ ክርስቲያናት ባለሥዕል መስኮቶችን ለማዳን ሲሆን፣ በ1979 ለሕዝብ ተከፈተ። አሁን ያለው በካቴድራሉ ደቡባዊ ሰገነት ላይ ነው፤ ወደ ላይ መውጫው ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሆነ ጉልበት ይጠይቃል። ስብስቡ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ ዘመናችን ይዘልቃል፤ የእንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ የዊልያም ሞሪስ ድርጅት ሥራዎችም አሉበት። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቅርበቱ ነው፦ በቤተ ክርስቲያን አንገት አቅንቶ የሚታየው መስታወት እዚህ ከጀርባው በርቶ ፊት ለፊት ስለሚቆም፣ በብሩሽ ተሥሎ በምድጃ የተተኮሰው ጥቁር መስመርና ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው የእርሳስ ብረት በግልጽ ይለያሉ። ሙዚየሙ የመስታወት ሥዕል ሥልጠና፣ ትምህርታዊ ንግግሮችና የተማሪዎች ጉብኝት ያዘጋጃል። መግቢያው በክፍያ ነው።