ወደ ጎልጎታ መሄድ ላልቻሉ

በዐቢይ ጾም ዓርብ ቀን ካቶሊካውያን በቤተ ክርስቲያናቸው ግድግዳ ዙሪያ ከተሰቀሉ 14 ሥዕሎች ፊት እየቆሙ ይጸልያሉ። ጸሎቱ «ፍኖተ መስቀል» ይባላል።

ምንጩ ኢየሩሳሌም ነው። ተሳላሚዎች ጌታ መስቀሉን የተሸከመበትን መንገድ በእግራቸው ይከተሉ ነበር። ወደዚያ መጓዝ ላልቻሉት ፍራንሲስካውያን መነኮሳት መንገዱን በየአገራቸው አስፋፉላቸው። እ.ኤ.አ. በ1731 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንስ 12ኛ ቁጥሩን በ14 ወሰኑት።

ቬሮኒካ የጌታን ፊት ስትጠርግ የሚያሳየው ሥዕል በወንጌል የለም። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1991 ሁሉም ከወንጌል የተወሰዱ 14 ክፍሎችን ተጠቅመው ጸልየዋል።

እኛ በሥዕል ፊት አንጸልይም። ነገር ግን ወደ ትንሣኤው መዝሙር ከመቸኮላችን በፊት በመስቀሉ ሥር ምን ያህል እንቆያለን? ዛሬ ማታ ማርቆስ 15ን ክፈቱ፤ በየጥቂት ቁጥሩ እያረፋችሁ፣ እየጸለያችሁ አንብቡት።