ዘግይቶ የታሰበለት ቀኝ ልብ

ቀኙ የልብ ክፍል ከመላ ሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ግራው ከሳንባ የመጣውን ለመላ አካል ያዳርሳል። ሁለቱ በየደቂቃው የሚያሳልፉት የደም መጠን እኩል ነው፤ የሚለያዩት በሚገጥማቸው ጫና ነው። ጤናማ የሳንባ ደም ሥሮች ብዙ ግፊት ስለማይጠይቁ የቀኙ ግድግዳ ከግራው በጣም የሳሳ ነው። ይህ ስስነቱ እንዲናቅ አድርጎታል።

ለንቀቱ ሳይንሳዊ ድጋፍ የሰጠው አንድ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካዊው አይዛክ ስታርና ባልደረቦቹ የውሾችን የቀኝ ልብ ግድግዳ በግለት ጎዱ። ደሙ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ የደም መልስ ግፊት ያሻቅባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እምብዛም ሳይጨምር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀኙ ልብ ከቧንቧ የማይሻል ማስተላለፊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። ሙከራው በራሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ የተሳሳተው ከእሱ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። የውሾቹ ሳንባ ጤናማ ስለነበር ደሙ ብዙ ሳይገፋ ያልፍ ነበር። ሳንባው ወይም ግራ ልቡ የታመመ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

የሚገርመው፣ ቀኝ ልብን ተክቶ የሚሠራ ፓምፕ ያኔም ሩቅ አልነበረም። በዲትሮይት ሃርፐር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፎረስት ዶድሪል ከጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች ጋር ባለ 12 ሲሊንደር የደም ፓምፕ ሠራ፤ መልኩም የመኪና ሞተር ይመስል ነበር። በሐምሌ 1952 የአንድ የ41 ዓመት ሰው ግራ ልብ ሲታከም መሣሪያው ለ50 ደቂቃ ያህል ተክቶት ሠራ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ የሳንባ ደም ቅዳ በሩ ጠብቦ የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ በቀዶ ሕክምና ሲታከም መሣሪያው የቀኙን ልብ ሥራ ወሰደ። ደሙን ኦክስጅን የሚሞላ ክፍል ስላልነበረው የልጁ የራሱ ሳንባ ሥራውን ቀጠለ፤ ፓምፑ ወደዚያ ማድረስ ብቻ ነበረበት። ይሁን እንጂ ይህ ለቀዶ ሕክምናው ሰዓት ያህል ነበር። በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ የደከመውን ልብ መደገፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ረገድ የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ግራ ዞረ። በ1960ዎቹ ማይክል ደቤኪ በሂዩስተን ያስተዋወቃቸው ፓምፖች ግራ ልብን የሚያግዙ ነበሩ። በ1968 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎንታን ደም በቀኙ የታችኛው ክፍል ሳያልፍ ወደ ሳንባ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ማካሄዱም፣ «ያለ ቀኝ ልብ ይኖራል» ለሚሉት ተጨማሪ መከራከሪያ ሆነ።

አመለካከቱ መለወጥ የጀመረው በ1974 ነው። ጄይ ኮንና ባልደረቦቹ የልብ ድካም ምልክት ሳንባ ላይ ሳይታይ የአንገት ደም መልሳቸው የተወጠረና የደም ግፊታቸው የወረደ ታካሚዎችን ገልጸው ጻፉ። በልብ ሕመም ድንገት የተጎዳው ቀኙ ክፍላቸው ነበር።

ቀኙን ይበልጥ ያጋለጠው ግን የግራው ፓምፕ ራሱ ነው። ግራው በመሣሪያ ሲታገዝ ወደ ቀኙ የሚመለሰው ደም ይበዛል፤ ደካማው ቀኝ ያንን ሁሉ ማሳለፍ አለበት። ከዚህም ሌላ ፓምፑ ግራውን ክፍል አብዝቶ ሲያራቁት ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ወደ ግራ ይሳባል፤ የቀኙም ቅርጽ ይዛባል። ቀኙ በቂ ደም ካላሳለፈ ደግሞ የግራው ፓምፕ የሚገፋው ያጣል።

ለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ደረትን ከፍቶ አንዱን ቱቦ በቀኙ የላይኛው ክፍል፣ ሌላውን በሳንባ ደም ቅዳ ላይ መስፋት ነበር፤ ፓምፑ ከሰውነት ውጭ ይቀመጣል። በ1992 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ቢቪኤስ 5000 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንዱን ወይም ሁለቱንም ጎን ለማገዝ ያገለግል ነበር። በኋላ የመጣው ሴንትሪማግ መዘውሩ በማግኔት ኃይል ተንሳፍፎ ስለሚሽከረከር የደም ሕዋሳትን ብዙም አይጎዳም፤ በ2008 ለቀኝ ልብ እስከ 30 ቀን እንዲያገለግል ተፈቀደለት።

ደረት ሳይከፈት የሚገቡት ፓምፖች መነሻ ወደ አባይ ዳርቻ ይወስዳል። ሪቻርድ ዋምፕለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1976 ግብፅ ውስጥ ገበሬዎች በእጅ በሚዞር ጠመዝማዛ መሣሪያ ውሃ ወደ ላይ ሲያወጡ አየ። ከዚያ ተነሥቶ በደም ሥር የሚገባ በጣም ትንሽ ፓምፕ ሠራ፤ በ1988 በሰው ላይ ሥራ ጀመረ፤ ለግራ ልብ ነበር። ለቀኙ የሚሆነው ኢምፔላ አርፒ ፈቃድ ያገኘው በ2015 ነው። በብሽሽት ደም መልስ ገብቶ፣ በቀኝ ልብ በኩል አልፎ፣ ጫፉ የሳንባ ደም ቅዳ ላይ ይደርሳል፤ በደቂቃ ከ4 ሊትር በላይ ደም ያሳልፋል። ፕሮቴክዱዮ የሚባለው ባለ ሁለት መተላለፊያ ቱቦ ደግሞ በአንገት ስለሚገባ ታካሚው ተነሥቶ እንዲራመድ ያስችላል፤ ሳንባም ካነሰ ኦክስጅን ሰጪ መሣሪያ ይቀጠልበታል።

ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ኢምፔላ አርፒ በተፈተነበት ጥናት ከ30 ታካሚዎች 22ቱ ተርፈዋል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። ከፈቃዱ በኋላ በሰፊው ሲሠራበት የተራፊዎቹ ድርሻ እጅግ በማነሱ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 ለሐኪሞች ማሳሰቢያ ላከ። ከእነዚህ ታካሚዎች ብዙዎቹ ፓምፑ የገባላቸው ከ48 ሰዓት በላይ በከባድ የደም ዝውውር መታወክ ከቆዩ፣ ወይም ልባቸው አንዴ ከቆመ በኋላ ነበር። ዛሬም መሣሪያዎቹ የሚያገለግሉት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነው። ለቀኝ ልብ ብቻ ተነድፎ፣ ታካሚው ለዓመታት ይዞት ቤቱ የሚኖር ፓምፕ ገና ፈቃድ አላገኘም።