በእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ስለምትገባው ጭረት



በጠረጴዛዎ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ቀርቦልዎታል እንበል። ደብዳቤው ስለ አንድ ባለሙያ ሲያትት ሰውየው «ሪዛይን» ለማድረግ መወሰኑን ይገልጻል፤ ይኸውም ሥራውን በፈቃዱ ይለቃል ማለት ነው። ዳሩ ግን ከቃሉ ከሁለተኛው ፊደል ቀጥሎ አንዲት አጭር ጭረት ብትገባ ንባቡ «ሪ-ሳይን» ይሆንና ትርጓሜው ይገለበጣል፤ ሰውየው ውሉን እንደ ገና ፈርሞ በሥራው ላይ ይቆያል። ፊደላቱ ሁሉ አንድ ናቸው፤ የምትለያቸው ጭረቲቱ ብቻ ናት። የአንድ ሰው እንጀራ ይህችን በምታህል ምልክት ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ታሪኳን መመርመር ከንቱ ድካም አይመስለኝም።

እንግሊዞች «ሃይፈን» ይሏታል። ስሟ የተገኘው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን ፍቺው «ከአንድ በታች»፣ ማለት በአንድነት እንደ ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ ሳይተዉ አያይዘው ይጽፉ ስለ ነበር የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚነበብ አንባቢው ይቸገር ነበር። ስለዚህ የሰዋስው ሊቃውንቱ እንደ አንድ ቃል ሊነበቡ ከሚገባቸው ፊደላት ሥር ቀስት የመሰለ ምልክት ያደርጉ ጀመር። ዘመን ካለፈ በኋላ ጭረቲቱ በመስመር መጨረሻ ላይ ለተቈረጠ ቃል ምልክት ሆነች። ዮሐንስ ጉተንበርግ በ1455 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በማይንዝ ከተማ ያተመውን ባለ 42 መስመር መጽሐፍ ቅዱስ የተመለከተ ሰው በገጹ ጠርዝ ላይ ዘንበል ያሉ ጥንድ ጭረቶችን ያገኛል።

የእኛ የብራና ጸሐፍት ይህ ችግር አልገጠማቸውም። መስመሩ ሲያልቅባቸው ቃሉን ከማናቸውም ፊደል ላይ ቈርጠው ያለ ምንም ምልክት ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳሉ፤ የቃሉን ማለቅ የሚያስታውቀው ሁለት ነጥብ ነውና። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ላይ ቃል ስንቈርጥ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ምናልባት ከዚህ ልማድ የተነሣ ይሆናል።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ነጻነት አይሰጥም። ከየት ይቈረጥ በሚለው ነገር ግን እንግሊዞችና አሜሪካውያን ራሳቸው አልተስማሙም። ኖኅ ዌብስተር የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1783 ባሳተመው የፊደል መማሪያ መጽሐፍ ቃላትን ጆሮ በሚሰማው ድምፅ መሠረት ከፋፈለ፤ በ1828ም 70,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አወጣ። ዕውቀት የሚል ፍቺ ያለውን «ኖሌጅ»ን አሜሪካውያን ከአምስተኛው ፊደል በኋላ ሲቈርጡት፣ እንግሊዞች በልማዳቸው «ኖው» የሚለው ሥር እንዲታይ ከአራተኛው በኋላ ይቈርጡታል። ቋንቋውን በትምህርት ላገኘነው ለእኛ የእንግሊዞቹ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሥሩ ሲታይ ትርጓሜው ይታወቃልና። የዌብስተርን ደንብ የተከተለ ሰው አፈ ታሪኮች ለማለት «ሌጀንድስ»ን ከሦስተኛው ፊደል ላይ ቢቈርጥ ደንቡ ይፈቅድለታል፤ ነገር ግን በአንዱ መስመር «እግር»፣ በሚቀጥለው «ጫፎች» የሚሉ ቃላት ይወጡለታል!

ጭረቲቱ ከሰዋስው አልፋ በፖለቲካም ገብታለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጀርመንና ከአየርላንድ የፈለሱ አሜሪካውያን የትውልድ አገራቸውን ስም ከአዲሱ ዜግነታቸው ጋር በጭረት ሲያያይዙ በታማኝነታቸው ተጠረጠሩ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1915 በኒው ዮርክ ባደረጉት ንግግር ባለ ጭረት ለሆነ አሜሪካዊ በአገሪቱ ቦታ የለም አሉ። ግሪኮች ለማጋጠም የፈጠሯት ምልክት በመለያየት ተከሰሰች ማለት ነው። ኒው ዮርክ ራሷ እንኳ በታወቀው ጋዜጣዋ አናት ላይ ስሟ እስከ 1896 ድረስ በጭረት ይታተም ነበር።

በ2007 የወጣው አጭሩ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ16,000 ያህል ቃላት ላይ ጭረትን አነሣ። «አይስ ክሬም» ሁለት ቃል ሆኖ ተለያየ፤ «በምብልቢ» የተባለችው ንብ አንድ ቃል ሆና ተገጠመች። ውልን እንደ ገና መፈረም የሚለው «ሪ-ሳይን» ግን ጭረቱን እንደ ያዘ ነው።