የሰንበት ትምህርት ቤትና የዘወትር ትምህርት ቤት በሜሪዮኔት አውራጃ፣ ዌልስ

በዌልስ ሰሜናዊ ምዕራብ የነበረችው የሜሪዮኔት አውራጃ ተራራማና ሕዝቧ የሣሣ ነበረች። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ድረስ፣ ነዋሪዋ በአብዛኛው በግ አርቢና አነስተኛ ገበሬ፣ በፌስቲኒዮግ አካባቢ ደግሞ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ድንጋይ ፈልጦ አዳሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቤቱም፣ የገበያውም፣ የጸሎቱም ቋንቋ ዌልሽ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የፍርድ ቤት፣ የባለርስቶችና የመንግሥት ቋንቋ ነበር። ይህ ሕዝብ ማንበብን ከየት እንደ ተማረ በዘወትሩ ትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ የሚመረምር ሰው ግን ጎደሎ መልስ ያገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቪክቶሪያ ዘመን በፊት ነው። በደቡብ ዌልስ የላንዳውሮር ቄስ የነበረው ግሪፍት ጆንስ ከ1730ዎቹ ጀምሮ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። መምህሩ በአንድ መንደር ሦስት ወር ያህል፣ በተለይም የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት፣ ተቀምጦ ንባብ ካስተማረ በኋላ ወደ ሌላው መንደር ያልፍ ነበር። ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለ ሆነ በዚህን ያህል አጭር ጊዜ ማንበብ ይቻል ነበር። ጆንስ በ1761 ከሞተ በኋላ ሥራው ውሎ አድሮ ቢዳከምም፣ በ1780ዎቹ በሜሪዮኔት በባላ ከተማ የተቀመጠው ሰባኪ ቶማስ ቻርልስ እንደገና አንቀሳቀሰው። ለተዘዋዋሪ መምህራን ግን ደመወዝ መፈለግ ግድ ነበር። በሰንበት ቀን ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የዋለ ገበሬ ያለ ክፍያ ሊያስተምር ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት በአውራጃው የተስፋፋው ከሃይማኖታዊ ቅንዓት ሌላ በዚህ ቀላል ስሌት ምክንያት ጭምር ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ሲባል አንባቢያችን ልጆችና ወጣቶች መዝሙር የሚያጠኑበትን ጉባኤ ያስብ ይሆናል። የዌልሱ ግን የሽማግሌውም የልጅ ልጁም ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎች በክፍል ተመድበው ፊደል ይቈጥራሉ፤ የበሰሉት ደግሞ አንድን ምዕራፍ እያነበቡ በጥያቄና መልስ ምሥጢሩን ይመረምራሉ። ቻርልስ በ1811 በባላ ለአዋቂዎች የተለየ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። እርሱ እንደ ጻፈው፣ በአንድ አውራጃ አረጋውያን ሳይቀሩ ለመማር ስለ ጎረፉ ባለሱቆች የሚበቃ መነጽር ማቅረብ ተስኗቸው ነበር። በ1800 ሜሪ ጆንስ የተባለች የ15 ዓመት የሸማኔ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ወደ ባላ መጓዟ የታወቀ ታሪክ ነው። በ1804 በለንደን የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ሲመሠረት አንዱ መነሻ ይኸው የዌልሽ መጻሕፍት እጥረት ነበር፤ አቡ ሩሚ የተረጎመውንም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 አሟልቶ ያሳተመው ያው ማኅበር ነው።

ይሁን እንጂ የሰንበቱ ትምህርት ጠባብ ነበር። ሒሳብ የለም፤ ጂኦግራፊም የለም። መጻፍ እንደ ሥራ ይታይ ስለ ነበር በብዙ ቦታ በሰንበት አይሰጥም ነበር። ከዚህም የተነሣ ምዕራፉን አንብቦ በትርጓሜው የሚከራከር ሰው በጋብቻ መዝገብ ላይ ስሙን መጻፍ አቅቶት የመስቀል ምልክት ሊያኖር ይችል ነበር። በዚያ ዘመን የመንግሥት ስታቲስቲክስ የሕዝቡን ዕውቀት ይገምት የነበረው በዚሁ ፊርማ ስለ ሆነ፣ ይህ ሰው ከመሃይማን ወገን ይደመራል። የዚያን ጊዜውን አኀዝ የሚጠቀም የፕላን ሠራተኛ ይህን ሳያስተውል ቢያልፍ ስሕተቱ ቀላል አይሆንም።

በ1846 ትውልዱ ከዌልስ የሆነ፣ የኮቨንትሪ እንደራሴ ዊልያም ዊልያምስ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት መንግሥት የዌልስን ትምህርት የሚመረምሩ ሦስት ኮሚሽነሮችን ሾመ። እነርሱም ሊንገን፣ ሳይመንስና ቮን ጆንሰን ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ዌልሽ አያውቁም ነበር፤ የሰሜኑ ክፍል ለጆንሰን ደረሰው። በ1847 የወጣው ሪፖርት ስለ ዘወትሩ ትምህርት ቤት ያለው ብዙው እውነት ነው። መምህራኑ ያልሠለጠኑ፣ ቤቶቹ ለመማሪያ የማይመቹ ነበሩ። ልጆቹም ትርጕሙን የማያውቁትን እንግሊዝኛ በቃላቸው ያነበንቡ ነበር፤ በእኛም አገር ዳዊትን በግዕዝ ደግሞ ትርጓሜው ያልተነገረውን ልጅ ላየ መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሪፖርቱ ጉድለት ከፍርዱ ላይ ነው። ችግሩን በማይታወቅ ቋንቋ ከማስተማር ላይ ሳይሆን ከዌልሽ ቋንቋ ላይ ጣለው፤ አልፎም የሕዝቡን፣ በተለይም የሴቶቹን ጠባይ ነቀፈ። ቍጣው ከባድ ስለ ነበር ሪፖርቱ በሽፋኑ ቀለም «የሰማያዊ መጻሕፍት ክህደት» ተብሎ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው የ1862ቱ ደንብ ይህን ፍርድ ወደ ገንዘብ ለወጠው። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ልጅ በመገኘቱ 4 ሺሊንግ፣ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና ቢያልፍ ደግሞ በያንዳንዱ 2 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ያገኝ ነበር። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ዌልሽ ለመምህሩ አንድ ፔኒ አያስገኝለትም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገት ላይ እንጨት ይንጠለጠል ነበር፤ ልጁም ሌላ ተናጋሪ ሲያገኝ ያስተላልፈዋል፤ በመጨረሻ የተገኘበት ይቀጣል። ይህን የመንግሥት ደንብ አላዘዘም። ልጃቸው በእንግሊዝኛ እንጀራ እንዲያገኝ የተመኙ ወላጆችም ብዙ ጊዜ አልተቃወሙም። በ1858 በዚሁ አውራጃ በላኑክሊን የተወለደው ኦዌን ኤድዋርድስ ያን እንጨት በአንገቱ እንደ ተሸከመ በትዝታው ጽፏል።

ከ1870ው ሕግ በኋላ የትምህርት ቦርዶች ተቋቋሙ፤ በ1880 ትምህርት ግዴታ ሆነ። በ1885 ዌልሽን በትምህርት ቤት ለመጠቀም የሚታገል ማኅበር ተመሠረተ፤ ፍሬውም በሚቀጥሉት ዓመታት ታየ። በ1907 ኤድዋርድስ የዌልስ ትምህርት ቤቶች ዋና ኢንስፔክተር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ደንብም እንደ አካባቢው ሁኔታ ማንኛውም ትምህርት በዌልሽ እንዲሰጥ ፈቀደ። ደንቡ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነውም መምህር በብዙ ትምህርት ቤት እንደ ቀድሞው ማስተማሩን ቀጠለ።