ደቡብ ሱዳን፦ የጤና ባለሙያዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያለ በጀት
የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ሚያዝያ 25/2008 ዓ.ም. ባጸደቀው ውሳኔ 2286፣ በጦርነት ወቅት በጤና ተቋማትና ባለሙያዎች ላይ የሚፈጸሙ ጥቃቶችን አውግዞ፣ አገራት ጥበቃውን በሕጋቸው ጭምር እንዲያጠናክሩ ጠይቋል።

በዘጠነኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 25/2017 ዓ.ም.፣ በደቡብ ሱዳን ጆንግሌይ ግዛት ኦልድ ፋንጋክ የሚገኘው የድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 7 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ወደመ።

ጥበቃ ገንዘብ ይጠይቃል፦ የማይቋረጥ ደመወዝ፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ሠራተኞችን ከአደጋ ቀጣና የሚያወጣ አውሮፕላን፣ ለተጎጂ ቤተሰብ ካሳ። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ የደቡብ ሱዳን ምደባ ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በመሆኑም ጁባ የሚገኘው የሽግግር ምክር ቤት በጀት ካልመደበለት፣ ማንኛውም የጥበቃ ሕግ ከወረቀት አያልፍም።