ነጩ ዱቄት በብራናው ላይ የሰጠው ምስክርነት

የየል ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 1965 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ ያደረገው የቪንላንድ ካርታ፣ ከግሪንላንድ በስተምዕራብ አንዲት ሰፊ ደሴት የሚያሳይ ብራና ነው። አሳታሚዎቹ ሊቃውንት ዘመኑን በ1440 ግድም አኖሩት፤ እንዲህ ከሆነ አውሮፓውያን ከኮሎምበስ ጉዞ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀድመው የአሜሪካን ምድር በካርታ ያውቁ ነበር። የካርታውን ዕጣ የወሰነው ግን ዛሬ የየቤታችን ግድግዳ የሚቀባበት ነጭ ዱቄት፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው።

ንጥረ ነገሩን በ1791 ከኮርንዎል ጥቁር አሸዋ ውስጥ ያገኘው ካህኑ ዊልያም ግሬጎር ሲሆን፣ ቲታኒየም የሚለውን ስም በ1795 ያወጣለት ማርቲን ክላፕሮት ነበር። ነጩ ዱቄት ብርሃንን ከእርሳስ ነጭ ይልቅ አጥብቆ ስለሚሰብር፣ በስሱ ተቀብቶም ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ መርዛማም አይደለም። ሆኖም በማዕድኑ ውስጥ ከብረት ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ለይቶ ማንጠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀለም ሠሪዎችን አግዷቸው ቆየ። በኖርዌይና በናያግራ ፏፏቴ ከተማ ፋብሪካዎች የተነሡት በ1916 ግድም ነው። ኩባንያ የተመሠረተበትንና ምርቱ ገበያ የደረሰበትን ዓመት አንዱን ከሌላው የሚያምታቱ ጽሑፎች ስላሉ፣ እኛ ከ1916 እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ጊዜ በጥቅሉ እንይዛለን።

በ1974 ዋልተር ማክሮን የካርታውን መስመሮች በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከታች ሰፋ ያለ ቢጫ መስመር አለ፤ በላዩ ቀጭን ጥቁር መስመር ተሰምሮ፣ ጥቁሩ አብዛኛው ተቀርፏል። ከብረትና ከእንጨት እባጭ የሚዘጋጀው የአውሮፓ ቀለም ሲያረጅ ብራናውን ቢጫ ያደርጋል፤ ከጥላሸት የሚሠራውን የእኛን ጸሐፍት ቀለም ለለመደ አንባቢ ይህ ጠባይ እንግዳ ነው። ማክሮን ግን በቢጫው ውስጥ አናቴዝ የተባለውን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት አገኘ፤ ቅንጣቶቹም ከፋብሪካ እንደሚወጡት ክብና እኩል ነበሩ። ስለዚህ እርጅናው ራሱ የተቀባ ነው ሲል ደመደመ።

በ1987 የቶማስ ካሂል ቡድን በፕሮቶን ጨረር ለክቶ ቲታኒየሙ ኢምንት ነው አለ። ሁለቱ ቃሎች ፊት ለፊት የሚጋጩ ቢመስሉም፣ በእኛ ሚዛን የለኩት ነገር አንድ አልነበረም፤ ማክሮን ከቀለሙ የተነሣ ቅንጣት ሲመረምር፣ ጨረሩ ቀለሙን ካረፈበት ብራና ጋር ደምሮ መዝኗል። በ2002 የለንደን ተመራማሪዎች አናቴዙን በቢጫው መስመር ላይ ብቻ አገኙት። በዚያው ዓመት የወጣው የካርቦን ምርመራ ብራናውን በ1434 አካባቢ ማኖሩ ካርታው እውነተኛ ነው ለሚሉ ተሟጋቾች ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ያረጀ ብራና አግኝቶ አዲስ መስመር ማስመር እንደሚቻል ግን መዘንጋት የለበትም። የመካከለኛው ዘመን ቀለም ሲዘጋጅ አናቴዝ በአጋጣሚ ሊፈጠር ይችላል የሚለውን መከራከሪያም በቅንነት ልንመዝነው ይገባል፤ የቅንጣቶቹን ቅርጽ ግን አጥጋቢ በሆነ መንገድ አላስረዳም።

የል በ2021 ካርታውን ዳር እስከ ዳር መርምሮ ቲታኒየሙን በመስመሮቹ ሁሉ አገኘና ሐሰተኛ መሆኑን አስታወቀ። በጀርባው የነበረ የላቲን ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ጠራዡን ለመምራት የተጻፈ አሮጌ ማስታወሻ፣ በዘመናችን ቀለም ተደርቦ ተጽፎበት ተገኝቷል።